የሁለታችን ስፌት

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር። አራዳ፣ ከአንድ አርመን ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይሠራ ነበር። የስፌት መኪናው በእጅ የምትዘወር ናት፤ በቀኙ መዘውሯን እያዞረ በግራው ጨርቁን ይመራላታል። ሥራ ሲይዝ የታችኛውን ከንፈሩን ይነክሳል፤ ያኔ ቢጠሩትም አይሰማም። ያገባኝ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እሱ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። ያም ሆኖ "አንተ" ነበር የምለው። እናቴ አንድ ቀን ሰምታ "ባል አንተ ይባላል እንዴ?" ብላ ስትቆጣኝ፣ ስቆ "ይተዉአት እማማ፤ አንቱ ያለችኝ ቀን ማርጀቴን አውቃለሁ" አላት።

ጣልያን በገባ ዓመት ሳይሞላው፣ በየካቲት፣ ከተማው ሦስት ቀን ታረደ፤ ተቃጠለ። ስለዚያ ብዙ ማውራት አልወድም። ከቤታችን የደረሱት በሁለተኛው ቀን ነው። ባለቤቴ በሩን ከውስጥ ሲደግፍ ቀኝ እጁ መቃኑ ላይ ነበር። አንዱ በጠመንጃው ሰደፍ መታው፤ ደገመው፤ ሠለሰው። ከዚያ ከጎረቤት ጩኸት ሲሰማ ትተውን ወደዚያ ሮጡ። ጎረቤቶቻችን ባይጮሁ እኛ አንተርፍም ነበር፤ እነሱ ግን አልተረፉም። ወጌሻ እስክናገኝ ሳምንት አለፈ። አራቱ ጣቶቹ እንደታጠፉ ቀሩ፤ አውራ ጣቱ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

በኋላ ደግሞ አራዳ የነጭ ሰፈር ሊሆን ነው፣ ሐበሻ ወደ ምዕራብ ይውጣ ተባለ። ያለንን ጠቅልለን መኪናዋን በነጠላ አስሬ በጀርባዬ አዘልኳት። ጣልያን ለሐበሻ ያቆመው አዲሱ ገበያ አካባቢ የሚከራይ ቤት ስላጣን ኮልፌ ድረስ ወረድን። ዛሬ ታክሲው ሁሉ የሚተራመስበት ቦታ ያኔ የገብስ ማሳ ነበር፤ ከማሳው ወዲያ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ወንዝ። ባላቸው የሞተባቸው አንዲት የኦሮሞ እናት በግቢያቸው ጥግ ያለችውን ጎጆ ሰጡን። አዴ እንላቸው ነበር፤ እመቤቴ እንደማለት ነው። አማርኛቸው ጥቂት፣ የእኔም ኦሮምኛ ከዚያ ያነሰ ነበር፤ ግን እንግባባለን።

ባለቤቴ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። መኪናዋ ከነነጠላዋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ እሷን ላለማየት ነው የሚዞረው። አዴ አንዳንድ ቀን ቆሎ፣ አንዳንድ ቀን ጎመን ይዘው ብቅ ይላሉ። ከሰው እጅ መብላት ሲበዛብኝ አንድ ጠዋት መኪናዋን ፈትቼ መሐል ቤት አስቀመጥኳት።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለኝ።

"አንተ በግራህ ምራው፤ መዘውሩን እኔ ላዙር።"

"ሴት መኪና ስትዘውር አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላየሁም። ሰው ሲራብ ግን አይቻለሁ።"

ከዚያ ዱካውን ሳበና ከመኪናዋ ፊት ተቀመጠ። እኔም ከቀኙ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን። ያኔ ሴት በእጇ ትጠልፋለች እንጂ መኪና የወንድ ነው፤ አንድ የሚያውቀን ሰው ቢገባ የት እንደምገባ እያሰብኩ ነበር። የመጀመሪያው ጨርቅ የአዴ የተቀደደ ቀሚስ ነው። "ቀስ" ይለኛል። "አሁን አዙሪ... ያዥ! ያዥ አልኩሽ!" አንዴ እፈጥናለሁ፣ አንዴ እዘገያለሁ፤ ክሩ ይበጠሳል። መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው እኔ ነኝ፤ እሱ የታጠፈውን እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያየኛል። እስከ ቀትር ድረስ አንድ ክንድ የሚያህል ሰፋን። አዴ ቀሚሱን ገልብጠው አዩትና "ጋሪ ነው" አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ባለቤቴ ከየካቲት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ።

እንዲህ ሆነን ጀመርን። ቁምጣ መጣፍ፣ የልጆች ጥብቆ፣ የአቡጀዲ እጀ ጠባብ። ገበሬው በገብስ፣ በቅቤ፣ በእንጨት ይከፍላል። ሳንነጋገርም የምንግባባበት ጊዜ መጣ፤ ትከሻው ሲጠብቅ በትከሻዬ ይሰማኛል፤ እኔም እቆማለሁ። በሕይወቴ ከሰው ጋር እንደዚያ ተቀራርቤ አላውቅም።

ወሬው ሲሰማ አንድ የሰፈር ሹም መጥቶ ያለ ፈቃድ መሥራት እንደሚያሳስር ነገረን። ወረቀት ለማውጣት አዲሱ ገበያ አጠገብ ወዳለው ቢሮ ሄድን። ጣልያኑ ጸሐፊ ተቀምጧል፤ አስተርጓሚው፣ የእኛው ሰው፣ ከጎኑ ቆሟል።

"ሥራህ ምንድን ነው?" አለው አስተርጓሚው።

"ልብስ ሰፊ ነኝ።"

ጣልያኑ ቀና ብሎ እጁን አየና አንድ ነገር ተናገረ።

"እጅህን ምን ነካው? ይልሃል።"

የባለቤቴን ነጠላ ጫፍ ከኋላ ያዝኩ። እውነቱን ቢናገር ፈቃዱ መቅረቱ ብቻ ሳይሆን እሱም ከዚያ ላይወጣ ይችል ነበር።

"በቅሎ ረገጠችኝ" አለ።

አስተርጓሚው ዓይን ዓይኑን አየው። ያወቀ ይመስለኛል። ዞሮ ለጣልያኑ ነገረው። ጣልያኑ ሳቀ፤ እየሳቀም ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው ያንን አልተረጎመልንም። "ፈርም" ብቻ አለ።

ባለቤቴ ዳዊት የደገመ፣ ጽሕፈቱም የሚያምር ሰው ነው። ብዕሩን በግራው ይዞ ሞከረ፤ ፊደሉ አልወጣለትም። በመጨረሻ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ እንዳልተማረ ሰው አተመ።

ወረቀቱን ይዘን ስንመለስ የገበያው ልብስ ሰፊዎች በተደረደሩበት በረንዳ በኩል አለፍን። አንዳንዶቹ አራዳ አብረውት የሠሩ ናቸው። ትንሽ ቦታ ቢለቁለት ከገበያተኛው ይደርሰናል ብሎ ጠየቃቸው።

"ማነው የሚሰፋው? አንተ ነህ?" አለው አንዱ።

"ከባለቤቴ ጋር ነን።"

ተያዩና ሳቁ። "ሰውየው ቀኝ እጁን አግብቷል!" አለ ሌላው። እኔ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆመና "በቅሎም ኖሮኝ አያውቅ" አለ።

በማግሥቱ "እርስዎ" አልኩት። ሰው ያዋረደውን እኔ ከፍ ላድርገው ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ውሃ ስሰጠው "ይጠጡ" አልኩት። ጣሳውን ሳይቀበለኝ ቀና ብሎ አየኝ።

"ምነው? ሞትኩ እንዴ?" አለ።

ያን ቀን መመለስ ነበረብኝ። ግን አንዴ ከአፌ ወጥቷል፤ "አንተ" ብለው ደግሞ የናቅሁት ይመስለዋል ብዬ ፈራሁ። እንደዚያው ቀረ።

ክረምቱ ገባ። ብርድ ሲሆን የግራ እጁም ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በቀኙ ፈንታ ስለሚደክም ነው መሰለኝ። አንድ ጎረምሳ ለሠርጉ ሱሪ አሰፍቶ ነበር። ሊወስድ መጣና ብርሃን ላይ ዘረጋው። ስፌቱ ከጉልበቱ በታች እንደ እባብ ሄዷል።

"አባቴ፣ ይህን ለብሼ ሙሽራ ልሁን?" አለ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ እያፈረ ነው ያለው።

ባለቤቴ "ተወው፤ ይስተካከላል" አለው። ልጁ ሲወጣ ግን መኪናዋ ጋ አልመጣም። እንጨት ልልቀም ብሎ ወደ ባሕር ዛፉ ሄደ።

ብቻዬን ቀረሁ። ስፌቱን ተረተርኩ። ከዚያ እሱ የሚቀመጥባት ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። በቀኜ እያዞርኩ በግራዬ መራሁ። እጄ እስከዚያ ሁሉንም ሲያይ ኖሯል ለካ። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወረደ። ስጨርስ ደስ አለኝ፤ ያ ደስታዬ ዛሬም ያሳፍረኛል።

እንጨቱን በር ላይ ጥሎ ገባ። ሱሪውን አንስቶ አየ።

"ማነው የሰፋው?"

"እኛ ነና" አልኩ።

"እኔ አልነበርኩም።"

አውራ ጣቱን በስፌቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ሳበ። "ጥሩ ነው" አለ። "እጥፋቱ ጋ ስትደርሺ ቸኮልሽ እንጂ ጥሩ ነው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ አብሮኝ አልሰፋም። በምትኩ አስተማረኝ። ልክ አወሳሰድ፣ ቅድ፣ አንገትጌ፣ ጨርቅ ሳያባክኑ እጅጌ ማውጣት፣ ሁሉንም። ግድግዳውን ተደግፎ ይነግረኛል፤ ስሳሳት ያርመኛል፤ አንድም ቀን አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የሚያውቀውን ሁሉ አውጥቶ አስረከበኝ። እኔ ደግሞ ተስፋ ያደረገ ሰው መስሎኝ፣ በበጋው ሁለተኛ መኪና እንገዛ ይሆናል እያልኩ አወራው ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ወገቡን በመቀነት ጠበቅ አድርጎ ሲያስር አየሁት።

"ወዴት ነው?"

"ካባው ጋ ሰው ይፈልጋሉ።"

ጣልያን ለመንገዱ ድንጋይ የሚያስፈነቅልበት ካባ ከእኛ በታች ነው። ከሩቅ የመዶሻው ድምፅ ይሰማናል።

"በአንድ እጅዎ?"

"ቅርጫት በትከሻ ነው የሚያዘው።"

"ምን አጣን? ሥራ አለን እኮ!"

"ሥራ አለሽ" አለኝ።

ልከለክለው በር ላይ ቆምኩ። በግራው ቀስ አድርጎ ገፋኝና ወጣ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሄደ። አቧራ ለብሶ ይመለሳል፤ እግሩን አጥበዋለሁ፤ ጥቂት ቀምሶ ይተኛል። ሰፈሩ ለጠላት ድንጋይ ይሸከማል ብሎ አማው። እሱም ሰምቷል። እኔም በየማታው "ነገ አይሂዱ" እላለሁ። አንድ ቀን ብቻ መለሰልኝ፦ "እዚያ ማንም እጄን አያይም። ሁሉም ድንጋዩን ነው የሚያየው።"

በጥር አጋማሽ፣ ከቀትር በፊት፣ አብሮት የሚሠራ አንድ ሰው በር ላይ ቆመ። ጠጉሩ በአቧራ ነጭ ሆኗል። እኔ ጥብቆ እየሰፋሁ ነበር።

"እመቤት፣ ሰው አለዎት? ዘመድ?" አለኝ።

ይኼኔ ገባኝ። ካባው ከላይ ተንዶ ሦስት ሰዎች ቀብሯል። ሮጬ ስደርስ ከጎን ያሉት አሁንም ይፈልጣሉ፤ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ሥራ አላስቆመም። አስከሬኑን የሰጡን ወደ ማታ ሲሆን ነው። አዴ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አስቀበርነው። ከለቀስተኞቹ መካከል ከበረንዳው ልብስ ሰፊዎች ሁለቱ ነበሩ፤ ያ የቀለደውም አለበት። ከሁሉ በላይ ያለቀሰ እሱ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ቤቱን ላግዝ ብሎ ነው የሄደው ወይስ እኔን ላለማየት? ያን ሱሪ ሳልነካው፣ ስፌቱ እንደተጣመመ ብተወው ኖሮ፣ ይኖር ነበር? ካህን ጠይቄያለሁ፤ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" አሉኝ። አዴን ጠየቅኋቸው፤ እሳቸው እጄን ያዙኝ።

አርባው እንዳለፈ አንዲት አራስ ከነልጇ መጣች። ለክርስትና የሚሆን ነጭ ጨርቅ ይዛለች። ሌላ ሰፊ እንድታፈላልግ ነገርኳት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዋን አልነካሁም ነበር። እሷ ግን "እኔም ሌላ የማውቀው የለኝም" ብላ ከደጃፉ ተቀመጠች። ልጇን አጠባች። ፀሐዩ ዞረባት፤ ቦታ ቀየረች። አትጠይቀኝም፤ አትሄድም። በመጨረሻ ጨርቁን ተቀበልኳት። እየሰፋሁ አለቀስኩ፤ ጨርቁ እንዳይበሰብስ ፊቴን ወደ ትከሻዬ እያዞርኩ። ሴትዮዋ አይታኛለች። ስጨርስ ልጁን አለበሰችው። እጅጌው ትንሽ ረዝሞበት ነበር። "ያድግበታል" አለችና አዝላው በማሳው መሐል ሄደች።