ምን በደልኩህ የሚባል ውሻ

እስቲ ያንን ማሰሪያ ወዲህ በይው። እርጥብ ነው እንዴ? ዝናብ ላይ ሆነሽ ስትፈልጊው ዋልሽ ማለት ነው። ኧረ ሽታው! የረጠበ ውሻ ሽታ ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ አንድ ነው፤ የራሰ ሱፍ፣ ጭቃ፣ ትንሽም የአሬራ ነገር አለበት። ይኸው፣ ገና አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ ባቴ ላይ ያለው ጠባሳ ማሳከክ ጀመረ። ሳትፈሪ ንኪው፤ በልጅነቴ የተነከስኩት ነው።

ውሻ ሲጠፋ ምን ይደረጋል ብለሽ ጠየቅሽኝ። ፎቶውን በስልክሽ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ስታሳዪ አይቼሻለሁ፤ ደግ አደረግሽ። እኔ የማውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በስሙ መጥራት። ሳቂ፣ ሳቂ። ያንቺ ውሻ ስሙ ቦቢ ስለሆነ ቀለለሽ። የኛን ውሻ በስሙ መጥራት ሰው ያጣላ ነበር።

ስሙ "ምን በደልኩህ" ነበር። አትሳቂ እንጂ! በኛ አገር ስም የሚወጣው ሁልጊዜ ለውሻው ተብሎ አይደለም። ጎረቤቱን የታዘበ፣ ዘመዱን የተቀየመ ሰው በአፉ የማይናገረውን ለውሻው ስም አድርጎ ያወጣዋል። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ውሻውን ይጠራል፤ መስማት ያለበት ይሰማል። አባቴ ያንን ስም ያወጣው ለታላቅ ወንድሙ ነው። መሬት የተሸነሸነ ዓመት ከአጎቴ ማሳ አንዱ ጥግ በገመድ ተለክቶ ለአባቴ ደረሰ። አባቴ ስጡኝ አላለም። አጎቴ ግን "የወንድሜን አልወስድም ማለት አቅቶት ነው?" አሉና ከዚያች ቀን ጀምሮ ቃል አልተነፈሱትም። ቤታቸው ከኛ ፊት ለፊት፣ ከወንዟ ማዶ ነበር። ጭሳቸው ይታየናል፤ ሲያስሉ እንኳን እንሰማቸዋለን። ሰላምታ ግን የለም።

አጎቴን ያስከፋቸው ደግሞ ጥያቄው አልነበረም። አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ወንድሙን "ወንድም ጋሼ" እያለ፣ "እርስዎ" እያለ ነው ያደገው። በውሻው አፍ ግን "አንተ" አላቸው። "በደልኩህ ይለኛል? እኩያው ነኝ?" እያሉ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ለሰው መናገራቸውን ሰምተናል። አባቴ ሰምቶ ጭራሽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራው ጀመር። እልኸኞች ናቸው፣ ሁለቱም!

እኔን የነከሰኝ ገብስ በሚወቃበት ሰሞን ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ነው፤ ውርጩ ሣሩ ላይ ገና አልቀለጠም፤ ጉሙ ከጓሳ በኩል እየወረደ ነበር። ውሻው ከግንቡ ሥር ተኮራምቶ ልሃጩ ይዝረበረባል። ውሃ ሳቀርብለት ጠጋ ይልና ያለቅሳል፤ አፉን በእግሩ ይቧጭራል። ምን ሆነብኝ ብዬ ራሱን ያዝ ሳደርገው ባቴን ነከሰኝ። ጮህኩ። አባቴ ከአውድማው ሮጦ መጣና ደሜንም ልሃጩንም አንድ ላይ አየ። "አብዷል! ውሻው አብዷል!" ብሎ ድንጋይ ወረወረ፤ የኋላ እግሩን አገኘው። ውሻው እያለቀሰ ወንዙን ተሻግሮ ጉሙ ውስጥ ጠፋ።

ዕድሌ ሆኖ ከሞላሌ የመጣ ድሬሰር ያን ቀን ደብሩ አጠገብ ሕፃናት ይከትብ ነበር። እናቴ አዝላኝ ሮጠች። ቁስሌን በሳሙና ሲያጥበኝ፣ ሲያጥበኝ፣ ቆዳዬ የሚያልቅ መሰለኝ። ከዚያ እናቴን አያት፤ "ውሻውን እንዳትገድሉት" አላት። "ከገደላችሁት ማበዱንና አለማበዱን ማን ይነግረናል? ፈልጉና እሰሩት፤ አስር ቀን እዩት። እሱ ደህና ከሆነ ልጅቷም ደህና ናት። ካልተገኘ ግን ዛሬ ነገ ሳትሉ አዲስ አበባ ሄዳ መርፌውን ትወጋ።"

አባቴ ይኼን አልሰማ አለ። የተነከሰ ሰው ወንዝ ከተሻገረ አለቀለት ይባል ነበር በኛ አገር፤ ወንዝ የማይሻገር የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ የለም። ስለዚህ መርሐቤቴ ቆላ ወዳለ መድኃኒት አዋቂ ሰው ላከ፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ሊያጠጣኝ ሆነ። መድኃኒቱን እናውቀዋለን። በፊት የጠጣ አንድ ጎልማሳ ጎረቤታችን ሲያስመልሰው፣ ሲያንዘፈዝፈው ውሎ ሞተ፤ ከውሻው ይሁን ከመድኃኒቱ እስከዛሬ የሚያውቅ የለም። ያ ግንድ የሚያህል ሰውዬ እኮ ነው! እኔ ደግሞ ያኔ እንጨት ነበርኩ።

"ልጄ ያንን አትጠጣም!" አለች እናቴ።

"ትሙት ነው የምትዪው?" አለ አባቴ።

"ውሻው ይገኛል!"

እንዲህ ሆነና አንድ ውሻ ሁለት ዓይነት ሰው ይፈልገው ጀመር። አባቴና የሰፈሩ ወንዶች ዱላቸውን ይዘው ወደ ጓሳ ወጡ፤ ቢያገኙት ባለበት ሊገድሉት። እናቴ ብቻዋን፣ ቁራሽ ዳቦ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ በገደሉ በኩል ሄደች፤ በሕይወት ልትይዘው። ማንኛቸው ይቀድሙ ይሆን? እኔን "አንቺ ከወንዙ ዳር ሆነሽ ጥሪው፤ ድምፅሽን ያውቃል" ብላ ስታበቃ ተመልሳ "ውሃውን ግን እንዳትረግጪ!" አለችኝ። ድሬሰሩን ብታምንም የውሃውን ነገር ለመናቅ ልቧ አልቆረጠም።

ያን ቀን እስኪመሽ ጠራሁት፤ የለም። አርብ ጠዋት እናቴ ውሃ በጣሳ አቀበለችኝና ፊት ለፊቴ ቆማ ጉሮሮዬን ታይ ነበር። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ውሃ ይፈራል ስለሚባል ነው። ስውጠው ተነፈሰች። ከዚያ በኋላ እኔም ጉዴን ልወቅ ብዬ ወንዙ ዳር ተንበርክኬ በእፍኜ እጠጣለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ እንደገና እጠጣለሁ፤ ጥርሴን እስኪያመኝ ድረስ። ይኸው አልፈራሁም እላለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ ገና ስላልደረሰ ቢሆንስ እላለሁ። አየሽ፣ አንቺ አሁን "በልቶ ይሆን፣ መኪና ገጭቶት ይሆን" እያልሽ ነው። እኔ የምፈልገው ውሻዬንም ነፍሴንም ነበር።

"ምን በደልኩህ! ምን በደልኩህ!"

መጀመሪያ አፍሬ ነበር። የአጎቴ በር ፊት ለፊቴ ነው፤ ስድብ እየወረወርኩባቸው መሰለኝ። እየቆየ ግን እፍረቱም ለቀቀኝ። ገደሉ ድምፄን ይመልስልኛል፤ ጉሙ ውስጥ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች ቆመው ሰው ይመስሉኛል። ከሰዓት በኋላ ድምፄ ሊዘጋ ሲል፣ ከአጎቴ አጥር ጀርባ አንድ ጊዜ፣ አጭር ጩኸት ሰማሁ። የኛ ውሻ ነው! የራሴን ውሻ አጣዋለሁ? ብድግ አልኩ። አጎቴ ከቤት ወጡ፤ ወደኔ አዩ፤ ተመልሰው ገቡና በሩን ዘጉት።

ምን ላድርግ? ወንዙን እንዳልሻገር እሞታለሁ ብዬ ፈራሁ። እንዳልጮህ ደግሞ፣ ወንዶቹ ከጓሳ እየተመለሱ ነበር፤ ዳገቱ ላይ ሲነጋገሩ ይሰማኛል። "ውሻው እዚህ ነው" ያልኩ እንደሆነ ዱላቸውን ይዘው አጥሩን ሊጥሱ ነው። ነገ ቅዳሜ ነው። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ አፌ ራሱ ያወጣው ነገር እስከዛሬ ይገርመኛል።

"ጋሼ! ምን በደልኩዎ?" አልኩ። "ነክሶኛል እኮ! ነገ መድኃኒት ሊያጠጡኝ ነው! ምን በደልኩዎ ጋሼ? ምን በደልኩዎ!"

እንዲህ ብለሽ ብትጠሪው ውሻው አያውቀውም፤ ስሙ አይደለማ። የአጎቴ በር ግን ተከፈተ።

በርኖሳቸውን ደርበው፣ ውሻውን በሣር ገመድ ይዘው ወጡ። ውሻው ሲያየኝ ጭራውን ይቆላል። "እዚያው ቁሚ! ውሃውን እንዳትረግጪ፣ እኔ እመጣለሁ!" አሉኝ። በዚያ ብርድ ሱሪያቸውን ሰብስበው ተሻገሩ። ሲደርሱ ከንፈራቸው ጠቁሯል።

"ነክሶኛል ነው ያልሽው?"

"አዎ ጋሼ። ትናንት ጠዋት።"

"ማን ነገረኝ? ጩኸት ብሰማም ማንም አልነገረኝም እኮ።" ባቴን አዩት፤ ከዚያ ቀስ ብለው በጨርቅ የታሰረ የራሳቸውን እጅ አዩት። "ላንቃው ላይ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ያገኘሁት፤ ይኸን የሚያህል። ሳወጣለት ጥርሱ ጫረኝ።" ይህን ሲሉ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

ወንዶቹ ደረሱ። አባቴ ከፊት ነው፤ ዱላውን አንስቷል።

"ዘወር ይበሉ፣ ወንድም ጋሼ!"

ከስንት ዓመት በኋላ አባቴ ለወንድሙ የተነፈሳት የመጀመሪያ ቃል ይኸችው ነበረች። አጎቴ ከውሻው ፊት አልተነሱም።

"ዱላህን ጣል" አሉት።

"አብዷል እኮ!"

"ቢያብድም ባያብድም፣ ከልጅቷ ጋር እኔንም፣ ከላንቃው አጥንት ሳወጣለት፣ ነክቶኛል። እሱን ከገደልከው የኛን ነገር በምን ታውቀዋለህ?" እጃቸውን አሳዩት።

አባቴ ጨርቁን ሲያይ ድምፁ ወረደ። "እጅዎን አፉ ውስጥ ከተቱ?"

"ታዲያ እያየሁት ይሙት? ያንተ ውሻ አይደለም እንዴ?"

የአባቴ ዱላ ወደ መሬት ወረደ። ለምን ሳይነግሩን አስቀመጡት አለ። አጎቴ ወደ ወንዙ እያዩ "ዱላ ይዛችሁ ስትሮጡ አየሁ" አሉ። "ደግሞም መጥተህ ትጠይቀኝ እንደሆነ ብዬ ነው።"

ቅዳሜ ጠዋት መድኃኒት አዋቂው መጣ። መድኃኒቱን በቀንድ ይዞታል፤ ሽታው ከበር ጀምሮ ይተናነቃል። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ትከሻዬን ጨምድዳ ይዛኛለች። አጎቴ ግን በማለዳ ተሻግረው መጥተው ነበርና ከኛ ቀድመው እጃቸውን ዘረጉ። "መጀመሪያ ለኔ ስጠኝ፤ እኔም የተነከስኩ ነኝ። ነገ በሕይወት ካደርኩ ለልጅቷ ትሰጣለህ" አሉት። ቀንዱን ተቀብለው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ አባቴ እጃቸውን ያዘ። ወንድሙን አያቸው፤ እኔን አየኝ፤ እንደገና ወንድሙን አያቸው።

"ይቅርብን" አለ። "ውሻውን እንጠብቃለን።"

ድሬሰሩ መጥቶ አጥንቱን አየና ደስ አለው፤ ቢሆንም "አጥንቱ ወጣ ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ቀኑ መሙላት አለበት፤ አንድ ምልክት ካያችሁ ሁለቱንም በሩጫ ወደ ሆስፒታል" አለን። ውሻው ግንቡ ሥር ታሰረ። አጎቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወንዙን ተሻግረው ይመጣሉ፤ ደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ አባቴ ከጎናቸው። ሁለቱም ውሻውን ያዩታል።

"ጠጣ?"

"ጠጣ።"

"በላ?"

"ትንሽ ቀመሰ።"

ይኸው ነበር ጨዋታቸው። ውሻው ካስነጠሰ ሁለቱም ይነሳሉ፤ ካንቀላፋ ሁለቱም ይጨነቃሉ። ስለ መሬቱ ሲያወሩ አልሰማሁም። እኔ በሩ ጋ ሆኜ ለሁለቱ ቆሎ አቀርባለሁ፤ እጃቸው አንድ ሰሃን ውስጥ ሲገናኝ አያለሁ። ዛሬ ሁለቱም የሉም። ጀርባቸው ግን ይታየኛል፤ አንዱ በርኖስ፣ አንዱ ጋቢ፣ ጎን ለጎን። አይ ጊዜ!

ቀኑ ሞላ። ድሬሰሩ መጥቶ ውሻውን ገልብጦ አየና "ደህና ነው፤ እናንተም ደህና ናችሁ" አለ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሳመችኝ፣ ድሬሰሩንም ሳመችው፣ ሰውዬው አፈረ። ውሻው ተፈታና ግቢውን እየዞረ ዶሮዎቹን አበረራቸው። አጎቴ በረጅሙ ተነፈሱ፤ እጃቸውን ከፈቱት፣ ጨርቁን ጣሉት፣ "እንግዲህ ደህና ሁኑ" ብለው ወደ ማዶ ተሻገሩ። አባቴ እስኪገቡ ድረስ ቆሞ አያቸው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያችው ሰዓት፣ አጎቴ በርኖሳቸውን ደርበው ወንዙን ሲሻገሩ አየናቸው። አባቴ ከአውድማው ደንግጦ ወጣ።

"ወንድም ጋሼ፣ ምነው? ውሻው እኮ ደህና ነው!"

"አውቃለሁ" አሉ፤ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

አባቴ መንሹን አስደግፎ ከጎናቸው ተቀመጠ። እናቴ ከውስጥ ሆና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ቶሎ በይ፣ ቆሎውን አምጪላቸው" አለችኝ።