በር ዘግቶ ብርሃን ማቅናት

እኔ አርፌ መቀመጥ አላውቅም። ቁጭ ስል እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ስቆም እንጎራደዳለሁ። እንዲህ ያለች ሴት የሌዘር ሥራ ውስጥ መግባቷ ራሱ ቀልድ ነው። ሆኖም ሞላሌ ከተማ ፊዚክስ እያስተማርኩ ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ቤተ ሙከራ፣ መረጃን በብርሃን ማስቀመጥን የሚያጠና ሰው ይፈልግ ነበር። ሌዘርና ጥቂት ቁራጭ ፊልም ላኩልኝ። ፈተናቸው አንድ ነው፤ ሁለት ስዕል አንድ ፊልም ላይ፣ እዚያው ቦታ ላይ አስቀምጦ ሳይደባለቁ ማውጣት። ከወጡልኝ የሥራ ቦታው የእኔ ነው። ካልወጡልኝ ጠመኔዬን ይዤ እናቴ ቤት መቅረቴ ነው።

ሲወራ ቀላል ነው። የሌዘሩ ጨረር ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በስዕሉ ውስጥ አልፎ፣ ሌላው ባዶውን መጥቶ ፊልሙ ላይ ሲገናኙ ስዕሉ ይታተማል። ባዶውን ጨረር በመስታወት ትንሽ ዘወር ካደረጉት እዚያው ላይ ሌላ ስዕል ይጨመራል። መልሶ ለማየት ግን ጨረሩ በመጀመሪያው ማዕዘን ልክ መምጣት አለበት፤ ፀጉር ታህል ከሳተ ምንም አይታይም። ሲታተም ደግሞ ቤቱ ውስጥ ምንም ነገር መነቃነቅ የለበትም።

እናቴ ቤት ውስጥ፣ ንዝረት እንዳይደርሰው አሸዋ የሞላሁትን ሣጥን በተነፋ የመኪና ጎማ ላስቲክ ላይ አስቀምጬ መስታወቶቼን ተከልኩበት። መስኮቱን በወፍራም የሱፍ ባና ጋረድኩ፤ በሩን ዘጋሁ። እኛ ዘንድ ቤት ውስጥ ሰው እያለ በጠራራ ፀሐይ በር አይዘጋም፤ ከተዘጋ አንድ ክፉ ነገር አለ ማለት ነው። ጎረቤታችን እናቴ የሞተች መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየጮኸች መጣች። ሰፈሩ ተከተላት። እናቴ ወንፊቷን ይዛ ከጓሮ ብቅ ስትል ቤቱ በአልቃሽ ተሞልቷል። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ በንዴት አለቀስኩ። በተከፈተው በር ብርሃን ገብቶ ፊልሙ ተበላሽቶ አንድ ቁራጭ ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

በማግስቱ እናቴ በርጩማዋን አውጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ከጓሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ፊት ይገርፋል። ከውስጥ ሆኜ እሰማታለሁ።

«ዛሬስ ደህና ናችሁ?» አለች ያቺው ጎረቤታችን።

«ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እንግዲያ እንግባና እንሙቅ።»

«ዛሬ አላስገባም። ከአጥሩ ወዲያ ሁኑልኝ።»

እናቴ ሰው ከደጇ መልሳ አታውቅም። ያለ እኔ ማንም የላትም፤ ሲቸግራት የሚደርሱላት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ወጥቼ «ተዪው፣ ይግቡ» ልላት ቃጣኝ። ግን አልወጣሁም፤ ቦታውን በጣም ፈልጌው ነበር። እግሬ እንዳይነቃነቅ ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ የመጀመሪያውን ስዕል፣ ካሬውን፣ አተምኩ፤ የመስታወቱን ብሎን በጣቴ ጫፍ ገፋ አድርጌ ሁለተኛውን፣ ክቡን፣ ጨመርኩ።

ከዚያ ባዶውን ጨረር ብቻ ለቀቅኩ። ምንም የለም፤ ስለቃት ብሎኗ ፈቀቅ ብላ ኖሯል። ብሎኗን በጣም በቀስታ መለስኳት፤ ካሬው ብቅ አለ። ትንሽ ስገፋት ካሬው ጠፍቶ ክቡ መጣ። አልተደባለቁም።

«ወጣልኝ!» ብዬ በሩን በረገድኩት። እናቴ ከንፈሯ በብርድ ደርቆ ቀና ብላ አየችኝና እልል አለች። ጎረቤታችን ከአጥሩ ወዲያ ሆና «ምን ተገኘ?» ብላ ጠየቀች።

«ልጄ ልትሄድ ነው» አለቻት እናቴ። እልልታውን ልትደግም አፏን ከፍታ አቃታት።