ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል

ነገሩ የተጀመረው በመስከረም፣ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ነው። የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎቼ የምስክር ወረቀት የሚቀበሉበት ቀን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ መሥሪያ ቤት ከተመደብኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ ለቀበሌው አስተምራለሁ። ሰው ፊት መቆም ስለሚያስፈራኝ የምናገረውን ሁሉ ቤቴ እጽፍና ጮክ ብዬ አንብቤ እለማመደው ነበር።

አብዛኞቹ ተማሪዎቼ እናቶች ናቸው። አንዷ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ከጋሞ መጥቶ ሽሮ ሜዳ የሰፈረ ሸማኔ ነው። ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ለአባቷ ክር ትደውራለች። መደወር ማለት ክሩን ቀሰም በምትባል አጭር የሸምበቆ ቁራጭ ላይ መጠቅለል ነው። ቀሰሟ መወርወሪያው ውስጥ ትገባና ሸማኔው ከግራ ቀኝ ይወረውራታል። የተደወረ ቀሰም ካለቀ ሸማኔው እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ በቀር የሚሠራው የለም።

ልጅቷ የመማሪያ መጽሐፉን ከሁሉም ቀድማ ጨረሰች። አንድ ቀን ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ፣ "ሌላ መጽሐፍ የለም?" ስትል ጠየቀችኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አለ አልኳት። ይህን ስላት ቃል እየገባሁላት እንደሆነ አላሰብኩም ነበር።

ሐሙስ ዕለት አባቷ የታጠበ ጋቢ ለብሶ መጣ። ስሟ ሲጠራ ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው እሱ ነው። ወረቀቱን ከእጇ ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች፣ እስከ ፊርማዬ ድረስ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። እሱም ከዚያ በፊት በነበረ ዙር ተምሮ ተመሳሳዩን ወረቀት አግኝቷል። ሁለት ቀን የተለማመድኩትን ዓረፍተ ነገር ይዤ ቀረብኩት።

"ጋሼ፣ እንግዲህ ትምህርት ቤት እናስገባት። ምዝገባው ነገ ይዘጋል።"

በደግነት ሳቀ። "መምህር፣ ጨረሰች እኮ! እርስዎ ራስዎ ፈርመውበታል።"

የተዘጋጀሁት እዚህ ድረስ ብቻ ነበር። እሱ ግን ቀጠለ። ወረቀቷን ከራሱ ወረቀት አጠገብ ሊሰቅለው ነው፤ በዚያ ቤት ከእንግዲህ ሁለት የተማሩ ሰዎች አሉ፤ ልጅ ከአባቷ እኩል ከሆነች ሌላ ምን ይፈለጋል? አመስግኖኝ ሄደ። ወረቀቱ ላይ "አጠናቃለች" የሚለውን ቃል በጥቁር ቀለም፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውየው የተጻፈውን አመነ እንጂ ምን አጠፋ? ማስተካከል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ወደ ቤቴ መሄዱን ትቼ በሰፈራችን ወዳለው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሳልጠራ የአለቃ ቢሮ ገብቼ አላውቅም። ርዕሰ መምህሩ ከመዝገቡ ቀና ሳይሉ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል እንደማትቀመጥ ነገሩኝ። መውጣት ግን እምቢ አለኝ። ብዙ ከቆምኩ በኋላ ቀና አሉ።

"ሌላ ጉዳይ አለሽ?"

"ይፈትኗት" አልኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። በመጨረሻ፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከወላጅ ጋር እንድትመጣ፣ ፈተናውን ካለፈች ሦስተኛ ክፍል እንደሚያስገቧት፣ መዝገቡ ግን ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ነገሩኝ። ሐሳባቸውን ከመቀየራቸው በፊት ወጣሁ።

የሸማኔው ቤት ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። አባትየው እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይሸምናል፤ ልጅቷ በሩ አጠገብ ትደውራለች፤ እናትየው ግድግዳውን ተደግፋ ትፈትላለች። የመጣሁበትን ነገርኩት። አልተቆጣም። እንደ ሰፈሩ ሸማኔዎች ሁሉ መስቀልን የሚያከብረው አገሩ ገብቶ ስለሆነ ቅዳሜ ይሳፈራል። የሽመና ዕቃው ላይ ያለው ጋቢ ደግሞ ነገ ማታ ለባለቤቱ መድረስ አለበት፤ ገና ግማሹም አልተሸመነም።

"ከመስቀል መልስ እንነጋገራለን" አለኝ።

ከመስቀል መልስ መዝገቡ እንደማይከፈት ነገርኩት። እናትየው አማርኛ ብዙም አትችልም፤ የምንለውን ግን ትከታተል ኖሮ፣ እንዝርቷን አስቀምጣ በቋንቋቸው አንድ ነገር አለችው። መለሰላት። እንደገና፣ አሁን ረዘም አድርጋ ተናገረች።

"እኔ እወስዳታለሁ ነው የምትለው" አለ ወደ እኔ ዞሮ። "ትውሰዳት! ታዲያ ማን ሊደውርልኝ ነው? ቀበሌው ይደውርልኛል?"

"እኔ እደውራለሁ" አልኩ።

ይህን ቤቴ አልተለማመድኩትም። ሰውየው ሥራውን አቁሞ ትከሻው እስኪነቀነቅ ሳቀ። ከዚያ ልጅቷን በእጁ ተነሺላት አላት።

በቀኝ እጅ መደወሪያውን ማሽከርከር፣ በግራ ክሩን መምራት ነው፤ ሲያዩት ቀላል ነው። የመጀመሪያዋ ቀሰሜ መሃሏ ላይ አበጠች።

"መምህር፣ ላልቷል" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "ሳብ ያድርጉት።"

ሳብ ሳደርገው ክሩ ተበጠሰ። የተበጠሰውን ቀጥላ አሳየችኝ። ደብተሯን ሳርም የምላትን ቃል በቃል፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "ጥሩ ነው፤ እንደገና" አለችኝ። እናትየው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አባትየው ያበጠችውን ቀሰም መወርወሪያው ውስጥ አስገብቶ ወረወራት፤ ድሩ መሃል ተቀርቅራ ቀረች።

"ይሄ ቀሰም ነው ድንች?" አለ። "ልጄ፣ ክሩን አትፍሪው። አንቺ ስትፈሪው ነው የሚላላው።"

ቀኑን ሙሉ እርስዎ ሲለኝ ቆይቶ ከድንቹ በኋላ አንቺ አለኝ፤ ደስ አለኝ። አምስተኛዋን ቀሰም ወረወረ፣ መለሰ፣ ወረወረ። ባዶ እስክትሆን አንድም ጊዜ አልቆመችበትም። ማንም አላሞገሰኝም። ባዶዋን ቅርጫት ውስጥ ጥሎ፣ "ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት" አለ። "እንዳታረፍጂ።"

ወደ ቤቴ ስመለስ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤት ጎራ ብዬ፣ ነገ እንደማረፍድ ለአለቃዬ እንድትነግርልኝ ጠየቅኳት። ታመምሽ ወይ አለችኝ። አልታመምኩም፣ ሥራ አለብኝ አልኳት።

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ። እናትና ልጅ ተዘጋጅተዋል። ልጅቷ ፀጉሯን ተሠርታ ወረቀቷን ጠቅልላ ይዛለች። ሲወጡ እኔ ቦታዋ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ እየደወርኩ እሱ እየሸመነ ለረጅም ጊዜ ሠራን። ክሩ የግራ ጣቴን ቆርጦት ስለነበር በመሃረብ አሰርኩት። ሰውየው አይቶ ሽመናውን ቀጠለ።

ፀሐይ በሩ ላይ ስትደርስ፣ "ሦስተኛ ክፍል ስንት ሰዓት ነው የሚለቀቁት?" ብሎ ጠየቀኝ።

የጠዋት ፈረቃ ከደረሳት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አልኩት። ጥቂት አሰበ።

"ስለዚህ ከሰባት ሰዓት ወዲያ ትደውራለች ማለት ነው። ለጠዋቱ ማታ ማታ እኔው ራሴ እደውራለሁ።"

አራት ሰዓት ገደማ እናትየው በሩ ላይ ቆመች። አማርኛውን ከመፈለግ ብላ ሦስት ጣቶቿን ቀሰረች። አባትየው በቋንቋቸው አንዲት አጭር ቃል አለ። እግሩ ሥራውን አላቆመም፤ መወርወሪያው ግን ከእጁ አምልጦ መሬት ላይ ወደቀ።

ልጅቷ ቦታዋን ልትረከበኝ መጣች። አልተነሳሁላትም። ገና አራት ባዶ ቀሰሞች ስለቀሩ አጠገቤ አስቀምጬ የተጠየቀችውን ሁሉ ከመጀመሪያው እንድትነግረኝ አደረግኳት። አራቱን ደውሬ ስጨርስ ተነስቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።