አባቴ አልጠፋም

ባለፈው ሰሞን እዚህ ፍራንክፈርት፣ ከሆኽስት በኤስ-ባን ባቡር ስመለስ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት አጠገቤ ተቀምጣ ጉልበቷን ስታሻሽ፣ ያ የፌርደሳልበ ሽታ፣ ያ ለፈረስ ተሠርቶ ኋላ ሰው የወረሰው የካምፎር ቅባት፣ አፍንጫዬን ሰንጎ ይዞ ጋሉስ ሰፈር ወደነበረችው የኪራይ ቤታችን መለሰኝ። መውረጃዬን እንኳ አለፍኩት። አባቴ ከሥራ ገብቶ፣ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ፣ ግራ ጉልበቱን በዚያ ቅባት ሲያሽ ቤቱ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ይሞላ ነበር፤ እናቴም «ደግሞ ፈረሱ መጣ!» እያለች መስኮት ትከፍት ነበር።

ሕመሙ በተለይ በብርዱ ወራት ይብስበት ነበር። አባቴ በቀድሞው ጦር ሃምሳ አለቃ ሆኖ ሰሜን ሲዋጋ ቆስሎ፣ ተማርኮ፣ ዓመታት በምርኮ ቆይቶ ሲለቀቅ፣ ያገለገለው ጦር ፈርሶ ስለጠበቀው፣ በሱዳን አቆራርጦ እዚህ ደርሶ፣ ሆኽስት ከሚገኙት ፋብሪካዎች በአንዱ በርሜል ያጥብ ነበር። ጉልበቱ ውስጥ የቀረች የብረት ስባሪ ነበረች። እኔ በጀርመንኛ «አባዬ፣ ቱት ዳስ ቬ?» ብዬ ያመው እንደሆን ስጠይቀው፣ እሱ በአማርኛ «ብረቷ ብርድ አትወድም፤ ታኮርፋለች» እያለ ይስቅ ነበር። ስለ ጦርነቱ ከዚህ በላይ አይነግረንም ነበር።

አንድ ዓመት በረዶው ቀልጦ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ከአዲስ አበባ ወሬ መጣ። የቀድሞ ሠራዊት አባላት ማመልከቻ እያስገቡ ነው፣ ያገለገለ ሁሉ ጡረታው ይከበርለታል ተባለ። አባቴን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። በየሳምንቱ ታናሽ ወንድሙ ዘንድ እየደወለ፣ የክፍሉን ስም፣ የአዛዦቹን ስም፣ የተቀጠረበትን ወር ሳይቀር እየነገረ፣ ስልኩን ሲዘጋ እያፏጨ ይላጭ ነበር። እናቴ «ከዚያ ድሃ አገር ምን ሊመጣልህ ነው?» ስትለው፣ «ብሩንማ እህቴ ትብላው፤ እኔ የምፈልገው አገልግሏል እንዲሉኝ ነው» አላት። አገልግሏል። ለዚህች አንዲት ቃል ነበር ያ ሁሉ።

በጋው ገብቶ፣ የጋሉስ ልጆች ሁሉ ደጅ ውለን በምናመሽበት ሰሞን፣ አጎቴ ደወለ። አባቴ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጠፋ? ምን ማለት ነው ጠፋ?»

መዝገቡ ላይ የተጻፈው ይኸው ነበር፦ ከግዳጅ ላይ ጠፋ። ይቺ ቃል መቼም መዘዘኛ ናት። ጦር ሜዳ ቀርቶ ሬሳው ያልተገኘውም ጠፋ ይባላል፣ ጠመንጃውን ጥሎ የኮበለለውም ጠፋ ይባላል። ጽሕፈት ቤት የተቀመጠው ሰው ሁለተኛውን መርጦ፣ ለኮብላይ ጡረታ የለም ብሎ መለሰው። ካልሆነም ከጎኑ የነበረ አንድ ወታደር፣ ይህ ሰው ቆስሎ ተማረከ እንጂ አልከዳም ብሎ በስሙ ይመስክርለት ተባለ። አባቴ በዚህ ጊዜ ትንሽ ተነፈሰ። እንዲህ ያለ ሰው በባቡር ጥቂት ጣቢያ አልፎ ይኖር ነበራ!

ጋሽ ሽፈራው ከአባቴ ጋር አንድ ምሽግ የነበሩ፣ አብረውት የተማረኩ፣ እሑድ እሑድ ቸኮሌት ይዘውልን የሚመጡ ሰው ነበሩ። አባቴ እኔን አስከትሎ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ቤታቸው ሄደ። ጋሽ ሽፈራው ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ ተነስተው በሩን ዘጉ።

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ እዚህ የጥገኝነት ኢንተርቪው ላይ ወታደር ነበርኩ አላልኩም። ተማሪ ነበርኩ ነው ያልኩት። ስሜ ከጦሩ ጋር ተጽፎ ቢገኝ ኬዜ ይበላሻል።»

«አዲስ አበባ የተጻፈን ፍራንክፈርት ማን ያነበዋል?»

«አይታወቅም። ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ? ወረቀቴ ይውጣ እንጂ ያኔ የፈለግኸውን እመሰክራለሁ።»

አባቴ አልተጨቃጨቀም። ባቡር ውስጥም ጉልበቱን በመዳፉ ይዞ መጣ። እናቴ እንኳ «የሰው ወረቀት ነፍሱ ነው፣ ምን ያድርግ?» ብላ ስታጽናናው፣ «እውነትሽን ነው» ብሎ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ግን እነ ጋሽ ሽፈራው ቤት መሄድ ተወ፤ እሳቸውም እሑድን ረሱት።

መስከረም ጠብቶ፣ ሐበሻው በየዓመቱ በሚከራየው አዳራሽ እንቁጣጣሽን ልናከብር ተሰበሰብን። አባቴ ሳህኑን ይዞ ተሰልፎ ሳለ፣ ጋሽ ሽፈራው ከኋላ መጥተው ትከሻውን መታ አድርገው፣ ማንም ሐበሻ ለማንም እንደሚለው ፈገግ ብለው፣

«አንተ ሰውዬ፣ ምነው ጠፋህ?» አሉት።

አባቴ ዞረ። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ማን? እኔ ነኝ የጠፋሁት?»

«ኧረ በማርያም! ሰላምታ ነው እኮ» ብላ አንዲት ሴትዮ መሃል ገባች፤ እሱ ግን አልሰማትም።

«ሌላው ይበለኝ! አገሩ ሁሉ ጠፋ ይበለኝ! አንተ ትለኛለህ? አንተ?»

ብሎ፣ ያ ሥርዓተኛ አባቴ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሙሉ ልብሱን ሱሪ እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ «የጠፋ ሰው ይቺን ከየት ያመጣታል?» እያለ ጠባሳውን አሳየ። ዘፈኑን አንድ ሰው አጠፋው። ጋሽ ሽፈራው መሬት መሬት እያዩ ቆሙ። አንዲት ቃል፣ ኧረ እኔ አውቃለሁ የምትል አንዲት ቃል፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንኳ አልወጣቸውም። ደሜ ፈላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ሰው አንቱ ማለት አፌን ስለያዘኝ፣ ከዚህ በኋላ እሱ ብዬ ብጠራው አንባቢ አይቀየመኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። አጎቴ አንድ ሁለቴ ሞክሮ ተወው። ሽፈራው ወረቀቱ ወጣለት፣ ኋላም የጀርመን ፓስፖርት አገኘ፤ አባቴ አልጠየቀውም፣ እሱም ቃሌን ልፈጽም ብሎ አልመጣም። አባቴ እዚሁ ሬንተ፣ የጀርመኑን ጡረታ፣ ሲወጣ፣ ጀርመኖቹ በርሜል ያጠበባቸውን ዓመታት ቆጥረው ሰጡት፤ ጠፍተህ ነበር ወይ ያለው አልነበረም። አባቴም በዚህ ይስቅ ነበር፣ ግን ሳቁ አያምርም ነበር።

አባቴ አምና አረፈ። ሽፈራው ለቅሶ መጥቶ፣ ከለቀስተኛው መሃል ተነስቶ፣ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ መናገር ጀመረ።

«እኔ ነበርኩ የወደቅሁት። ሌላው ሲያፈገፍግ እሱ ተመልሶ መጥቶ፣ እኔን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ነው ጉልበቱን የተመታው። ብቻውን ቢሆን ያመልጥ ነበር። በእኔ ነው የተማረከው!»

ለቀስተኛው «ወይ ጀግና!» እያለ ከንፈሩን መጠጠ። እኛ ቤተሰቦቹ ይህን ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር፤ አባቴ ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ፣

«ሽፈራው፣ ይህን አሁን ለማን ነው የምትመሰክረው?» አለችው።

ሽፈራው ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ልጅ ሆኜ የተናደድኩበትን ፍርሃቱን፣ አሁን የራሴን ልጆች ይዤ ሳስበው ይገባኛል፤ ወረቀት የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ከፓስፖርቱ በኋላ የነበሩት ዓመታት ግን እስከ ዛሬ አልገቡኝም። ያኔ አባቴ አንድ ሰው እንዲናገርለት ለምኖ አጣ፣ ዛሬ ሐበሻው ሁሉ ጀግና ይለዋል። አዲስ አበባ ባለው መዝገብ ላይ ግን አሁንም እንደጠፋ ነው።