የባዮሎጂ አስተማሪው የምላስ ትምህርት

ተማሪዎቹ «ቀጭኔው» ይሉታል። ቁመቱ ረዝሞ እንዳይመስላችሁ፤ ሰሌዳው ላይ ለመጻፍ እንኳ በእግሩ ጣቶች ነው የሚቆመው። ስሙ የወጣለት የቀጭኔ ምላስ ጠቆር ያለና ክንድ የሚያህል መሆኑን ሲነግራቸው የራሱን ክንድ ከአገጩ ሥር ዘርግቶ ስላወዛወዘው ነው። በሃያ ስድስት ዓመት የማስተማር ዘመኑ እንደዚያ ክፍለ ጊዜ የሚወደው አልነበረም። የእስስት ምላስ ከገዛ አካሏ ይረዝማል፤ አዞ ምላሱን ከአፉ ማውጣት አይችልም፤ የድመት ምላስ እንደ ሞረድ ይሻክራል። መጨረሻ ላይ ክፍሉ በሙሉ ምላሱን አውጥቶ እንደ ቱቦ ለመጠቅለል ይታገላል፤ ሳቁ ሌላ ነው።

ከዚያ የቤት ሥራ ይሰጣል። «የእናትና የአባታችሁን ምላስ አይታችሁ ኑ። ሁለቱም የማይጠቀልሉ ከሆነ ልጅም አይጠቀልልም። በዘር ነው፣ አለቀ!»

ባለፈው ወር የአንድ አናጢ ልጅ ሰንጠረዧን ሞልታ መጣች። እናቷ አትችልም፣ አባቷ አይችልም፣ እሷ ግን አሳምራ ትጠቀልላለች። ቀጭኔው ቀልድ አማረው። «እንግዲያው አባትሽን ሌላ ቦታ ፈልጊያ!» አላት። ክፍሉ አውካካ። ልጅቷም አብራ ሳቀች፤ ቤቷ ገብታም እንደ ቀልድ አወራችው።

አባቷ አልሳቀም። በሦስተኛው ቀን ፍራሹን ተሸክሞ ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ገባ።

እናትየዋ መምህራን ክፍል ድረስ መጣች። «መምህር፣ አሥራ አምስት ዓመት ሌላ ወንድ ቀና ብዬ አላየሁም። በእርስዎ ቀልድ ቤቴ ፈረሰ» አለችው።

ቀጭኔው «ሳይንስ ነው» ሊላት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ያን ቀን ማንበብ ጀመረ፤ ያነበበው ወሽመጡን ቆረጠው። ነገሩ እሱ እንደሚለው በቀላሉ የሚወረስ አለመሆኑ ከታወቀ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች እንኳ አንዱ ሲጠቀልል ሌላው የሚያቅተው አለ። ይባስ ብሎ ይህንን በዓይኑ አይቶታል! ከዓመታት በፊት እናታቸው እንኳ የሚምታቱባት መንትያ እህትማማቾች አስተምሮ ነበር። አንደኛዋ አልችልም ስትለው «ሰንፈሽ ነው» ብሎ ማርክ ቀነሰባት። እውነት ክፍሉ ድረስ ብትመጣለት ማርክ ቀንሶ ሸኛት። አሁን አናጢውን ወደ ቤቱ ካልመለሰ በቀር ሰሌዳ ፊት መቆም እንደማይችል አውቆታል።

ያነበበውን በወረቀት አትሞ ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ሄደ። አናጢው አንድ ሳንቃ ይልግ ነበር።

«ወንድሜ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለው። «ምላስ ምንም አያረጋግጥም። ሚስትዎ ያለ ጥፋቷ ነው የተከሰሰችው። ካሻዎት ይምቱኝ፣ ብቻ ወደ ቤትዎ ይመለሱ።»

አናጢው መላጊያውን አስቀምጦ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አነበበ። ከዚያ ሰጋቱራው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«አመንኩ» አለ። «ልቤማ ድሮም አልተቀበለውም ነበር። ግን የተማረ ሰው ሲናገር ምን ይባላል? ልጅቷ ስትከተለኝ በር ላይ ‹ከእንግዲህ አባዬ እንዳትይኝ› ብያታለሁ። ለዚህስ ወረቀት ይዘዋል?»

ቀጭኔው ክንዱን ይዞ ለመነው፤ እጁን ሳይለቅም አስነሳው። መንገድ ላይ አናጢው ኮቱን ደጋግሞ አራገፈ። በሩን ያንኳኳውም አስተማሪው ነው።

የከፈተችው ልጅቷ ናት። አንዴ አስተማሪዋን፣ አንዴ ከኋላው የቆመውን አየች። አናጢው ኮቱን እንደገና አራገፈ።

ልጅቷ እንደ ጨዋ ልጅ ጎንበስ ብላ መንገድ ለቀቀችላቸው፤ ፊቷንም ወደ ጓዳ አዞረች።

«እማዬ፣ አናጢው መጥተዋል» አለች።