ለልጆቹ የተተከለ ሽንኩርት

ወንድሜ የሞተው ሽንኩርቱ ሊነቀል ሲል ነው። ማጠጣቱን ካቆመ ሰንብቶ ነበር። ሽንኩርት ከመነቀሉ በፊት ውሃ ይከለከላል፤ አንገቱ ሲደርቅ ተነቅሎ ቢከማችም ቶሎ አይበሰብስም።

መንግሥት ለተማሪዎች ምገባ የሚሆነውን አትክልት ከአካባቢው ገበሬ መግዛት ከጀመረ ወዲህ፣ የቀበሌያችን ትምህርት ቤት ሽንኩርት እንዲያቀርብ የመረጠው እሱን ነበር። እኔ እዚያ ስማር ምገባ የሚባል አልነበረም። ሲርበኝ ማሳው ድረስ እሄዳለሁ፤ ከምሳው ያካፍለኛል። አንዳንዴ፣ አሁን ሳስበው፣ ሁሉንም ይሰጠኝ ነበር። ዘንድሮ ችግኙን ሲተክል፣ ይሄ የልጆቹ ነው አለኝ። ብዙ አይናገርም ነበር።

ከሠልስቱ በኋላ ማሳው ስደርስ መደቡ ሁሉ ረጥቧል። ጎረቤታችን ሽማግሌው ከቦዩ ዳር ቆመዋል። ለቅሶ ለመድረስ ሲሉ ገና ሳይነጋ የውሃ ሞተር እያስነሱ የራሳቸውን ያጠጡ ነበር። የእሳቸው ዘግይቶ የተተከለ ስለሆነ ገና ውሃ ይፈልጋል። የወንድሜም የሚፈልግ መስሏቸዋል።

«መጀመሪያ የሱን ነው ያጠጣሁት ልጄ። ባለቤቱ የለም ተብሎ ይድረቅ?»

እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ።

ለትምህርት ቤቱ ግዥ የሚሠራው መምህር ከምግብ አብሳይዋ ጋር መጣ። የአንዱን ሽንኩርት አንገት ጫን ጫን አድርጎ አየ። አዝኖ ነው የነገረኝ፤ እርጥብ ነው፣ መጋዘን ቢገባ ይበሰብሳል፣ ከወረታ ነጋዴ መግዛታችን ነው አለ። ወንድሜ ለልጆቹ ያሰበው ሊቀር ነው።

«በየጠዋቱ የዕለቱን ብቻ ነቅዬ... ባመጣስ?» አልኩ።

መምህሩ አብሳይዋን አየ።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አለችው። «ድስቴ መጋዘን አይደለም። የገባበት ዕለት ያልቃል።»

እሱም ሳቀ፤ ከነገ ጀምረህ አምጣ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስነቅል ሽማግሌው መጡ። አገሩ ሁሉ አድርቆ በአንድ ጊዜ ይነቅላል፤ አንተ ለምን በጥቂት በጥቂቱ? ብለው ጠየቁኝ። እጃቸው ላይ የቦዩ ጭቃ አለ።

«ልጆቹ ትኩሱን ይወዳሉ» አልኳቸው።

«እንግዲያው እንዳይረፍድባቸው» አሉና ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከጎኔ ጎንበስ አሉ።