ሰኞ ይደውሉ

በሃያ ዓመቴ ሽማግሌ ተባልኩ። ሰው ሞርሞን በሚለን በእኛ ዘንድ ለሚስዮን የተላከ ወጣት ሁሉ የሚጠራው እንዲህ ነው። ጅቡቲ ያሉ ሐበሾች ይህን ሲሰሙ «ሽበቱን የት ጣልከው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔ አልስቅም። ማዕረጉን ከልቤ አምኜበት ነበር።

የምንኖረው ካርቲዬ 2 የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ እኔና ባልደረባዬ። እሱ የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ በአንድ ዓመት ያንሰኛል፤ ቀድሜ ስለመጣሁ አለቃው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ መስበክ ስለማይፈቀድ ለወጣቶች እንግሊዝኛ እናስተምራለን፣ ያሉንን ጥቂት ምእመናን ቤታቸው ሄደን እንጠይቃለን። ሐምሌ ላይ፣ አስፋልቱ ጫማ በሚይዝበት ሙቀት፣ ነጭ ሸሚዝ በከረባት ነው። ሻይ ክልክላችን ስለሆነ ሲቀርብልን ውሃ እንለምናለን። አንዳችን ከሌላው ዓይን መራቅ አይፈቀድልንም፤ ብቻችንን የምንገባው መታጠቢያ ቤት ብቻ ነው። እሱ ሲታጠብ እንኳን ሰዓት እይዝበት ነበር። አምስት ደቂቃ ካለፈ በሩን እደበድባለሁ። ይህን ያዘዘኝ ማንም የለም።

ዓርብ ዓርብ ፊት ለፊት ተቀምጠን አንዳችን የሌላውን ጉድለት እንናገራለን። ልማዱ በፍቅር እንዲሆን ነው፤ እኔ ግን በወረቀት ጽፌ ነበር የምመጣው። ጫማህ አልተወለወለም። ስትጸልይ ታንቀላፋለህ። ከባለሱቆቹ ጋር በሱማሊኛ ስታወራ ሳቅ ታበዛለህ። አንገቱን ደፍቶ ይሰማኛል። ተራው ሲደርስ «አንተ እንከን አይወጣልህም» ይለኛል። እኔም እውነቱን ነው እል ነበር።

እሱን የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቱ። የአባቶቹን ሃይማኖት ትቶ ሲጠመቅ «ልጅ አልወለድኩም» ብላ ከቤት አስወጥታዋለች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማም። ከቤተሰብ ጋር የምናወራው ሰኞ ነው፤ ያው ልብስ የምናጥብበት ቀን። የእኔ እናት ግማሽ ሰዓት አልቅሳብኝ ስትዘጋ፣ እሱ እጁን እያደራረቀ መጥቶ ስልኩን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ቁጥራችንን በአክስቱ በኩል ልኮላታል። አትደውልም። ሲመሽ ሸሚዙን ከገመድ ላይ ሊያወርድ ይወጣል።

ስልኩ የጋራችን ነው፤ የሚይዘው ግን አለቃው ነው። አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ እሱ እየታጠበ ሳለ፣ ከማላውቀው የጅቡቲ ቁጥር ተደወለ።

«ልጄን አቅርብልኝ» አለች አንዲት ሴት፣ ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም። «እናቱ ነኝ። ዕቃ ልገዛ መጥቼ ማዕከላዊ ገበያ ነው ያለሁት። ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። ይምጣና ልየው።»

ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል። እስከ በሩ አራት እርምጃ ነው። ፈራሁ። ታለቅስበታለች፣ ይዛው ትሄዳለች፣ እኔም ባልደረባው የጠፋበት ተብዬ ስሜ ይነሳል። ከፍርሃቱ ሥር ግን ሌላ ነገርም ነበር፤ ልዋሽ አልፈልግም። የሁለት ሰው ዕጣ በእጄ መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል።

«እትዬ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው» አልኳት። «ቤተሰብ የሚደውለው ሰኞ ነው። ሰኞ ይደውሉ።»

«ሰኞማ ድሬ ነኝ።»

«ደንብ ነው።»

ከኋላዋ ሰዎች ዋጋ ሲከራከሩ ይሰማል።

«እሱ ነው እንዲህ በላት ያለህ?»

አይደለም ማለት እችል ነበር። «ሰኞ ይደውሉ» ብዬ ዘጋሁት።

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። የሚስዮኑ ኃላፊያችን የቤተሰብ ጉዳይ ከመጣ ቀን እንዳንቆጥር በግልጽ ነግሮን ነበር። ደውዬ ብጠይቀው፣ ሁለታችሁም ሂዱ ይለኝ ነበር። ስለማውቅ ነው ያልጠየቅሁት።

«ማነው የደወለው?» አለኝ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ።

«ተሳስቶ ነው።»

ያን ቀን ገበያ ልንወጣ ነበር። አስቀረሁትና የታመመ ሾፌር እንጠይቅ ብዬ ከከተማ ወጣ ወዳለው የከባድ መኪና ማቆሚያ፣ ፔካ 12፣ ወሰድኩት። በከባድ መኪኖቹ መሐል፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሳያጉረመርም ተከተለኝ። ለበሽተኛው ሲጸልይ ስለ እናቶች ሁሉ ጨምሮ ጸለየ። እኔም አሜን አልኩ።

ቅዳሜ ቲማቲም ልንገዛ ገበያ ወጣን። ጨርቅ የምትሸጥ አንዲት የሐረር ሴት አለች፤ ስናልፍ ሁሌ ቀዝቃዛ ውሃ ትሰጠናለች። ያን ቀን ለእኛ ውሃ የላትም። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አንስታ እሱ ደረት ላይ ጣለችለት።

«እናትህ ናት የተወችልህ። አላህን አትፈራም አንተ? ሐሙስ ዕለት እዚችው በርጩማ ላይ ስትጠብቅህ ዋለች። ጫቱ ገባ፣ ሰዉ ሱቁን ዘጋግቶ ቤቱ ገባ፣ እሷ ንቅንቅ የለም። ሂጂ ብላት፣ ሰኞ ያስባለኝ ተቀይሞኝ ነው፣ ይመጣል፣ ልጄን አውቀዋለሁ ትለኛለች።»

«ማነው ሰኞ ያላት?»

«ስልኩን ያነሳው ነዋ! ወላሂ በእኔው ስልክ ነው የደወለችው።»

ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ስልኩን የሚያነሳ ሰው ከእኔ ሌላ አልነበረም። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። ፌስታሉን ፈታ። በውስጡ ተተኩሶ በጥንቃቄ የታጠፈ ነጭ ሸሚዝ አለ። ምን እንደምንለብስ ሰው ነግሯት ኖሯል።

ስልኩን ከእጄ ወስዶ እዚያው ቆሞ ደወለላት። አላነሳችም። ሰኞ ደግሞ ሲደውል አክስቱ አነሳች። «ደጁ ድረስ ሄጄ አላየኝም ብላለች፤ ተዋት» አለችው። እኔ አላልኩም ብሎ ማለ። «አሁን ደግሞ መዋሸት አስተማሩህ?» አለችው። እኔ ልናገር ብዬ ስልኩን ተቀበልኩት። ድምፄን ስትሰማ ዘጋችው።

ለኃላፊያችን ራሴ ተናዘዝኩ። ክፉኛ ገሠጸኝ፤ ስልኩ ከእኔ ተወስዶ ለባልደረባዬ ተሰጠ። ከፈለገም ሌላ ከተማ እንደሚመደብ ተነገረው። «እዚሁ ይሁን» አለ። ይቅር ያለኝ መስሎኝ በዚያ ሳምንት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዓርብ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ወረቀት አልያዝኩም። «ምን ላስተካክል?» አልኩት።

«ምንም። ደንብ ታከብራለህ።»

በሚቀጥለው ዓርብም ያንኑ አለ። አራት ወር ሙሉ፣ ድምፁን ሳይቀይር፣ ያንኑ። ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አይርቅም። ምግቤን ያቀርባል፣ አብሮኝ ይንበረከካል፣ ሳስነጥስ ይማርህ ይለኛል። እሑድ እሑድ የእናቱን ሸሚዝ ይለብሳል። ከቤት ሲወጣ በምታውቀው ልክ ነበር የገዛችው፤ እሱ ግን ከስቶ አንገቱ ላይ ይሰፋዋል። ያን አንገት ላለማየት መጽሐፍ ላይ አቀረቅራለሁ።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እየታጠብኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሰዓት ያለፈብኝ መስሎኝ ፎጣ አገልድሜ ከፈትኩ። ስልኩን ዘርግቶልኝ ቆሟል።

«እናትህ ናት።»

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።»

«አውቃለሁ። ክፉ ሕልም አይታ ነው፤ አታስጠብቃት።»

እናቴ ስሜን ጠራችና ደኅና መሆኔን ጠየቀችኝ። ደኅና ነኝ አልኳት። የበላሁትን፣ የተኛሁትን፣ ሁሉንም ጠየቀችኝ፤ እሱ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ የእኔን ሸሚዝ እየተኮሰ ይሰማል። ስጨርስ ስልኩን መለስኩለት።

«ለምን ሰጠኸኝ?» አልኩት።

ካውያውን አቆመ። በእውነት ግራ እንደገባው ሰው አየኝ።

«እናትህ ምን በደለችኝ?» አለና ሸሚዙን አቀበለኝ፤ ከዚያ እንደ ደንቡ በሩ ላይ ቆሞ እስክለብስ ጠበቀኝ።